የመርከበኛው ጆሮና የእኔ ጡሩምባ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ። አሰፋ እንዲህ ብሎ ጸልዮ ከነበረ ጸሎቱ ሰምሮለታል፤ ከሃያ ዓመት በላይ እኔን አላጣም። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ክርኔ ክርኑን እየነካው ቀናሁበት። ሽሮ አብሬው እየበላሁ ቀናሁበት። ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ በልቼ፣ መርቄ ስመለስ መንገድ ላይ ቀናሁበት።

ባለፈው ወር የሱቃችንን ቁልፍ አስረከብኩ። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለው ተራችን ለፎቅ ተፈልጎ ሊፈርስ ነው። ባይፈርስም ሥራው ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ዛሬ የተቀደደ ስፒከር ታቅፎ የሚመጣ ሰው የለም፤ ይጥለውና ከቻይና የመጣውን ይገዛል። ልጄ አንድ ደብተር ሰጠችኝና «አባባ፣ የሥራ ዘመንህን ጻፍልን» አለችኝ። ስለ ፈቃድ እድሳትና ስለ ግብር ወረፋ ብጽፍ ማን ያነብልኛል? ስለ ሙያዬ ከጻፍኩ ደግሞ ስለ ቅናቴ መጻፌ አይቀርም፤ ሁለቱንም የተማርኩት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ናቸው። የወሎ ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ። በተራው ውስጥ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚጠግን ብዙ ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላው ያቃተው የሚመጣላቸው ነበሩ። ጠዋት ሱቅ እንደተከፈተ ሬዲዮ ማብራት ክልክል ነው። መጀመሪያ ሁላችንም አፋችንን ዘግተን ትንሽ እንቀመጣለን። «ጆሮም እንደ አፍ ይጉመጠመጣል» ይሉ ነበር። የስፒከር ወረቀት ሳይነኩ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ሲነኩትም በትንሿ ጣታቸው ጀርባ ነው። የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ካለው አጥንት ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ «ምን ሆነ?» ብለው አይጠይቁም። «ማን ነው የሚያዳምጥበት?» ነው የሚሉት። የሽማግሌ ሬዲዮና የሠርግ ቤት ስፒከር እኩል አይጠገንም ብለው ያምኑ ነበር።

አንድ ነገር ግን አያውቁም፤ ማመስገን። አንድ ሳምንት ያስለፋኝን ሥራ አምጥቼ ፊታቸው ሳስቀምጥ፣ ሰምተው ሰምተው «ይሆናል» ይሉኛል። አሥር ዓመት ሙሉ «ይሆናል» ጠግቤ ነበር። ከእሳቸው አፍ አንዲት «ማሻአላህ» ብሰማ አንድ ወር ሳልበላ የምቆይ ይመስለኝ ነበር።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ገደማ አንድ ሰው ደጃችን ቆመ። ኮቱ ሰፍቶታል፤ ጫማው ግን ተወልውሎ ያበራል። «የባሕር ኃይል ነበርኩ። መርከቡም ወደቡም ከእጃችን ወጥቷል። ሥራዬ ማዳመጥ ነበር፤ ሥራ ካለ ብዬ ነው» አለ። አሰፋ ማለት እሱ ነው።

«ምን ታዳምጥ ነበር?» አሉት ጋሽ ይማም።

«ከውሃ በታች ያለውን ድምፅ። ይቺ መርከብ ናት፣ ይሄ ዓሣ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሞገድ ብቻ ነው እያልኩ መለየት።»

ሳቄ መጣ። በዚያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የሠርግ አከራይ ትልቅ ስፒከር ነበር፤ ይጮኻል፣ ግን ያንቋርራል። ወረቀቱን ቀይሬዋለሁ፣ ማስቲሹን አድሼዋለሁ፤ ሁለት ቀን ታግዬው እንቢ ብሎኛል። ጋሽ ይማም በአገጫቸው ወደ ስፒከሩ ጠቆሙት። ሰው ጥፋት ሲፈልግ ድምፅ ይጨምራል። አሰፋ ቀነሰው። ቀንሶ ቀንሶ ሊጠፋ ሲል ጆሮውን አስጠጋና «ኮይሉ፣ የሽቦው ጥቅል፣ ዘንበል ብሏል። በግራ በኩል ከታች ብረቱን ይነካል» አለ። ስንፈታው ኮይሉ ላይ፣ በግራ በኩል ከታች፣ ጥፍር የቧጠጠው የሚመስል ጭረት አገኘን።

«ማሻአላህ» አሉ ጋሽ ይማም።

 አሥር ዓመት የጠበቅኳትን ቃል ከመንገድ የመጣ ሰው በሩብ ሰዓት ወሰዳት። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄ ጅብ ግን ሳይጠይቅ ነው የተነጠፈለት። በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ የባሕሩ ወሬ መጣ። አንድ ረፋድ ላይ ጋሽ ይማም «እስቲ ከሰማኸው ሁሉ የራቀውን ንገረኝ» አሉት። አሰፋ ውጭ አገር ተልኮ በሚማርበት ጊዜ በሥልጠና መርከብ ህንድ ውቅያኖስን ሲያቋርጡ አስተማሪያቸው ማዳመጫውን በረጅም ገመድ ወደ ታች ጥልቅ ድረስ አስወረደው። ከላይ ምንም አይሰማም ነበር። ታች ሲደርስ ግን አንድ ወፍራም፣ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ፤ ይረዝማል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይመጣል። ዓሣ ነባሪ ነው ተባለ። «ስንት ቀን ብንጓዝ እናገኘዋለን?» ብለው ሲጠይቁ አስተማሪው ስቆ «ብዙ ቀን» አላቸው።

«ይሄን ያህል ርቀት ሳይጠፋ እንዴት ይመጣል?» አሉ ጋሽ ይማም፤ ካቻቪቴውን አስቀምጠዋል።

አሰፋ ወረቀት ላይ ሣለላቸው። «ላይ ያለው ውሃ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ በሙቅ ውሃ ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል። ወደ ታች ሲወርድ ይቀዘቅዛል፤ ድምፅም ቀርፋፋ ይሆናል። የበለጠ ከወረዱ ደግሞ ከላይ ያለው ውሃ ሁሉ ክብደቱን ይጭንበታል፤ ያኔ እንደገና ይፈጥናል። መሃል ላይ ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የሚዘገይበት አንድ ንብርብር አለ። የድምፅ ጠባዩ ሁልጊዜ ወደ ቀርፋፋው ማዘንበል ነው። ወደ ላይ ልውጣ ሲል ይታጠፍና ይመለሳል፣ ወደ ታች ልውረድ ሲልም እንደዚያው። ማዕበሉን አይነካ፣ የባሕሩን ወለል አይነካ፤ የሚያደክመው የለም። እዚያ ውስጥ ትንሽ ፈንጂ ብትፈነዳ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይሰማል።»

ጋሽ ይማም «ገባኝ። ኩሊ ነው። በተራው ግራና ቀኝ የሄደ ኩሊ ከሱቁ ዕቃ ጋር ሲጋጭ ሸክሙን ያራግፋል። መሃሉን የያዘ ግን አብነት ሰፈር ድረስ ይደርሳል» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው እኔን እየጠቆሙ አሰፋን «ድምፅ ወደ ቀርፋፋው ያዘነብላል ነው የምትለው? እንግዲያው ሸምሱ ዘንድ ነዋ የሚያድረው!» አሉ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ብቻ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ስፒከር ሊያሠራ ሳይሆን ባሕር ሊሰማ የሚመጣ ሆነ። የእኔ ደንበኞች ሳይቀሩ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ እሱ ይዞራሉ። አንድ ጊዜ አላስቻለኝም። «ባሕሩ እንደሆነ ሄዷል። እኛ አገር ላይ ይሄ ምን ይሠራልናል?» አልኩ።

አሰፋ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነበር የባሰ የሚያናድደኝ። «አየሩስ ባሕር አይደል ሸምሱ? ንጋት ላይ መሬት የያዘው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ከላዩ ሞቅ ያለ አለ። ድምፅ ሽቅብ ሲሄድ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። የአትክልት ተራ መኪኖች ጩኸት ጠዋት ጠዋት ስንት ድረስ እንደሚሰማ አታይም? ቀትር ላይ ግን መሬቱ ይግላል። ድምፁም ወደ ላይ ይታጠፍና በሰው አናት ላይ ያልፋል» አለኝ። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ እዚህ ደብተር ላይ መዋሸቴ ነው።

አራት አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ የጋሽ ይማም ጆሮ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ እኛ አላወቅንም፤ ካቻቪቴውን አጥንታቸው ላይ አስደግፈው የሚቆዩት ረዘመ። ቆይተው ራሳቸው ነገሩን። ወደ አገራቸው፣ ወደ እህታቸው ልጆች ሊሄዱ ነው። ሱቁን ለአንዳችን ይሰጣሉ፤ በእሳቸው ወንበር አንዳችን እንቀመጣለን፤ ሌላኛው ከጎኑ ይሠራል። ለየትኛችን እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

በዚያው ሰሞን የተራው ነጋዴዎች ኮሚቴ ሥራ አመጣ። በአካባቢው እሳት ተነሥቶ ስለነበር ሁሉም ፈርቷል። ከተራው ላይኛው ጫፍ፣ ከጥበቃው ማማ ላይ፣ ዘበኛው «እሳት!» ሲል ታች ጥጥ ሻጮቹ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ማጉያ ይተከል አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ጨርቅ አስመጪ ነበሩ። ጋሽ ይማም በእሳቸው ፊት «ታች ድረስ ድምፁን ያደረሰልኝ ልጅ ወንበሬ ላይ ይቀመጣል» አሉ።

አሰፋ ተራውን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ከዚያ አራት የጡሩምባ ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል አለ፤ ሁለቱ ማማው ላይ፣ ሁለቱ ከመሃል በታች ዝቅ ብለው። ሙከራውም ቀትር ላይ፣ ገበያው ሲጋጋል ይሁን አለ። ሐጂ ወጪው በዝቶባቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። ያን ጊዜ «ሁለቱ ይበቃሉ» አልኩ እኔ። ሐጂ ተስማሙና ሁለቱ ብቻ ማማው ላይ ተሰቀሉ።

በሳምንቱ አሰፋ አጎቱ አርፈውበት ለለቅሶ ናዝሬት ሄደ። ያቺን ቀን ነው የጠበቅኳት። ሐጂ ዘንድ ሄጄ «ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንሞክረው፤ ገበያተኛ ሳይበዛ፣ ማንም ሳይረበሽ» አልኳቸው።

«አሰፋ ቀትር ላይ አላለም እንዴ?»

«እሱ መርከበኛ ነው ሐጂ። እኔ የተራው ልጅ ነኝ።»

«በል እሺ፣ አንተ ካልክ።»

ንጋቱ ብርዳማና ጸጥ ያለ ነበር። ጋሽ ይማም በጋቢ ተጠቅልለው ታች፣ ከጥጥ ሻጮቹ ደጃፍ ቆሙ። እኔ ማማው ላይ ወጥቼ ማይኩን ያዝኩና «ጋሽ ይማም! ይሰማል?» አልኩ። ድምፄ ሲሄድ ለራሴ ታወቀኝ፤ መሬቱን ይዞ ቁልቁል ሲንከባለል። ከተራው አልፎ አብነት ድረስ እንደተሰማ በኋላ ሰው ነግሮኛል። ከማማው ወርጄ እየሮጥኩ ስደርስ ጋሽ ይማም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሰማሁህ። በዚህ ጆሮዬ፣ ከዚያ ድረስ። ማሻአላህ ሸምሱ፣ ማሻአላህ» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ አሉኝ። ለአሰፋ ያሉት አንድ ጊዜ ነው። ይህንን መቁጠሬ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ቆጠርኩት።

አሰፋ ከለቅሶው ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በስንት ሰዓት ሞከራችሁት?» ብሎ ነው። «ረፋድ ላይ» አልኩት። ዓይኑ ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ኮቱን ሰቀለ።

እሳቱ የተነሣው ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በበጋ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። መነሻው እስካሁን አልታወቀም፤ ከተራው መሃል ግድም ካለ መጋዘን ጀምሮ ቁልቁል ሄደ። የዘበኛው ድምፅ ከማማው ሲወጣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። የእኛ ሱቅ ከማማው ሥር ነው፤ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የመጀመሪያው ስሜቴ ኩራት ነበር። አሰፋ ግን ጨርሶ ሳያዳምጥ የያዘውን ጣለ። «ታች አይሰማም!» ብሎ ወጣ።

ተከትዬው ሮጥኩ። ስወርድ የዘበኛው ድምፅ ከኋላዬ እየቀጠነ ሄደ። ከጨርቅ ሻጮቹ ጋ ስደርስ «እሳት» የሚለው ቃል መሆኑ አይለይም። ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ሳልፍ መዶሻው ብቻ ቀረ። ጥጥ ሻጮቹ ጋ ስደርስ ምንም የለም። ምንም። ሰው ይከራከራል፣ ኩሊ «ዞር በል!» ይላል፣ ከላያቸው ጭሱ ጣሪያ ለጣሪያ እየመጣ ነው። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ የጡሩምባዬ ድምፅ በዚያ በኩል፣ በሁላችንም አናት ላይ አልፎ ሄዷል።

አሰፋ በየበሩ እየገባ በገዛ ጉሮሮው ይጮኻል። እኔም ጮኽኩ። ሰዉ ልጁንና ሣጥኑን ይዞ መውጣት ጀመረ። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ጥጥ ሻጭ ነበሩ፤ ከጥጥ ክምሩ በስተጀርባ ይሠሩ ስለነበር እንኳን የማማውን የእኛንም አልሰሙም። አሰፋ ገብቶ እየጎተተ ሲያወጣቸው አጠገባቸው ያለው የቀለም ሱቅ በርሜል ፈነዳ። እትዬ ዘነቡ በአሰፋ ገላ ተከልለው ስለነበር ተረፉ። አሰፋ ወድቆ ተነሣ፤ ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል። አፌን እያየ «ምን አልክ? ምን አልክ?» ይለኛል። እኔ ምንም አላልኩም ነበር።

ሰው አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። የእትዬ ዘነቡ ሱቅና ሌሎች ሰባት ሱቆች ግን አመድ ሆኑ። ሐኪሙ የአሰፋ የግራ ጆሮ እንደማይመለስ ነገረው። ቀኙም ሲሰማ ከድምፁ ጋር የማያቋርጥ ሹክሹክታ ይዞ ነው፤ ጥሩ ስፒከርና የታመመ ስፒከር መለየት አልቻለም። ያንን ጆሮ ነበር አምስት ዓመት ሙሉ እንዲጠፋ የተመኘሁት። ምኞቴ ሲደርስ አጠገቡ ነበርኩ።

ጋሽ ይማም ወንበሩን ሰጡኝ። ማን ቀረ? ስለ ጡሩምባው አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ያን ቀን ጠዋት የሰሙትን ድምፅ ግን እንደ ስንቅ ይዘውት ሄዱ፤ ከአገራቸው የሚመጣ ሰው ሁሉ «ሸምሱ ከማማ ላይ ጠርቶኝ ሰማሁት እያሉ ያወራሉ» ይለኝ ነበር። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ይህንን ሰላምታ እንደ መርዝ እየዋጥኩ ኖርኩ።

አሰፋ ከጎኔ ኮይል ይጠመጥም ነበር። እጁ ከጆሮው አልተናነሰም። እሱ ይጠመጥማል፣ እኔ አዳምጬ «ይሆናል» እለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አይወጣልኝም ነበር። ሰውም መምጣቱን አልተወም። አንድ ጆሮ ይዞም ባሕሩን ሲያወራ በቀኙ በኩል ተሰብስበው ይሰሙታል። ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ፤ ሱቁ የእኔ ነው፤ ጠረጴዛው ግን የእሱ ነበር። እኔም በግራው ተቀምጬ፣ ብናገርም የማይሰማኝ ቦታ ሆኜ፣ ስንት ጊዜ በለሆሳስ ነገርኩት። «አሰፋ፣ ንጋት ላይ ነው የሞከርኩት» እላለሁ። እሱ ሽቦውን ይጠመጥማል።

ባለፈው ወር ቁልፉን በምናስረክብበት ቀን ዕቃችንን በጋሪ እየጫንን ነበር። አሰፋ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጥግ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ጎትቶ አወጣ። ሲፈታው ሁለት ጡሩምባ ነው፤ አሮጌ፣ ግን ተጠግኖ ቀለም የተቀባ። አንዱ ኮይል የለውም።

በቀኙ ዞርኩ። «እነዚህ የምን ናቸው?»

«የታችኞቹ። ከመሃል በታች የሚተከሉት።»

«መቼ ሠራሃቸው?»

«ከናዝሬት በተመለስኩ በማግሥቱ ጀመርኩ። ዘበኛው በስንት ሰዓት እንደሞከርከው ነገረኝ። ከቁራሌው ገዝቼ፣ አንተ ለሶላት ስትወጣ ስትወጣ ነው የሠራኋቸው። ያቺ አንዷ ኮይል ቀርታኝ ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ታውቅ ነበር? ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ጋሽ ይማም ሰማሁ ብለው አልቅሰው ነበራ። ጆሯቸው ሊጠፋ የሰሙት የመጨረሻ ደህና ነገር እሱ ነው። ውሸት ነው ልበላቸው? ሁለቱን ቀስ ብዬ እተክላለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ይስተካከላል አልኩ። እሳቱ ቀደመኝ።» ጡሩምባዎቹን በጆንያው መልሶ ጠቀለለ። «ተናግሬ ቢሆን የእትዬ ዘነቡ ሱቅ ባልተቃጠለ። የሁለታችን ጥፋት ነው ሸምሱ። እኔም እንቅልፍ የለኝም።»

ያንን ጥፋት ለብቻዬ ተሸክሜው ኖሬ ነበር። ጆሮውም፣ ወሬውም፣ የሰው ፍቅሩም የአሰፋ ነበር፤ የእኔ ብቻ የሆነ፣ እሱ ያልነካው ነገር ቢኖር ያ ነበር። እሱንም ግማሹን ወሰደው። ያውም የእሱ ግማሽ ለሰው ተብሎ የተሠራ ነው።

ጋሪው ሲንቀሳቀስ ተነሥቼ ከኋላ ገፋሁ። እሱ ከፊት ይጎትታል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ፤ እያለቀስኩም ቀናሁበት።